ብርሃንህንና እውነትህን ላክ

እግዚአብሔር ለእናቴ ያደረገላትን የምመሰክረው ዓይኗ ስለ በራ ብቻ አይደለም፤ ዓይኗ ከመብራቱ አስቀድሞ ልቧ ከፍርሃት ስለ ተፈታ ነው። ሁለቱንም አጠገቧ ሆኜ አይቻለሁ፤ ለእኔ የሚበልጥብኝ የልቧ መፈታት ነው።

የምንኖረው ድሬዳዋ ነው። በከተማችን የቀትር ፀሐይ የሚሸሹት እንጂ የሚፈልጉት አይደለም፤ ሰው ሁሉ ከከዚራ ሠፈር ዛፎች ሥር እየተጠጋ፣ ጥላ ጥላውን እየመረጠ ነው የሚሄደው። እናቴ ግን በዚያ ፀሐይ በረንዳ ላይ ተቀምጣ «መሸ እንዴ?» ብላ የምትጠይቅበት ጊዜ መጣ። ሕመሙ የዓይን ሞራ ነበር። በዓይናችን ውስጥ ብርሃንን የሚያሳልፈው ጥርት ያለ ሌንስ ቀስ በቀስ ሲደፈርስ ብርሃን ወደ ውስጥ መግባት ያቅተዋል፤ በአገራችን ሰውን ለዓይነ ስውርነት ከሚዳርጉት ምክንያቶች ዋነኛው ይኸው ነው። ሐኪሙ የደፈረሰው ሌንስ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በሰው ሠራሽ እንደሚተካ፣ ዓይኗ ብቻ እንደሚደነዝዝና ሥራውም ብዙ ጊዜ እንደማይወስድ በትዕግሥት አስረዳን። እሷ ግን «ዓይኔን ስለት አይነካውም» ብላ ተነሣች። በጣም ዘግይታ ታክማ ብርሃኗ ያልተመለሰላት ጎረቤት ነበረችን፤ የእናቴ ፍርሃት ከዚያ የመጣ ነው። የንስሐ አባታችን ከመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 እየጠቀሱ፣ ሐኪምንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑንና መታከም የእምነት ጉድለት አለመሆኑን ቢነግሯትም አልተቀበለችም።

እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የምታዘጋጅ ሴት ናት። ጥጡን ፈትላ፣ ክሩን ደርባ እያከረረች በሞቀ ሰም ታሸዋለች። ዓይኗ ከጠፋ በኋላም ይህን ሥራ አልተወችም፤ የክሩን ውፍረት በጣቷ፣ የሰሙን ሙቀት በመዳፏ እየለካች ትሠራ ነበር። በቅዳሴ ጊዜ ወንጌል ሲነበብ መብራት መያዙ ክርስቶስ የዓለም ብርሃን መሆኑን ለማመልከት እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬአለሁ፤ ነገር ግን ትርጉሙ የገባኝ የማታየውን ብርሃን ለሌላው የምታዘጋጀውን እናቴን ሳይ ነው። ጌታችን «እናንተ የዓለም ብርሃን ናችሁ» ሲል መብራቱ በመቅረዝ ላይ የሚቀመጠው በቤት ላሉት ሁሉ እንዲያበራ መሆኑን ጨምሮ ተናግሯል። መብራት ለራሱ አይበራም።

በየማታው ዳዊት አነብላት ነበር። «ብርሃንህንና እውነትህን ላክ፤ እነርሱ ይምሩኝ፥ ወደ ቅድስናህ ተራራና ወደ ማደሪያህ ይውሰዱኝ» የሚለው ላይ ስደርስ «ድገሚልኝ» ትለኛለች። ይህ ቃል በጾመ ነቢያት ከልደት በፊት ባሉት ሳምንታት፣ ስብከት ከተባለው ቀጥሎና ከኖላዊ በፊት የሚውለው ብርሃን የተባለው ሰንበት የሚታሰብበት ልመና ነው፤ ነቢያት በጨለማ ሆነው መድኃኒታቸውን ናፍቀው የለመኑት። በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶችም ስለ ወልድ ሲመሰክሩ ከብርሃን የተገኘ ብርሃን ብለውታል። እንግዲህ ነቢያቱ የለመኑት ብርሃን አካል ያለው፣ የሚመራና የሚወስድ ጌታ ነው ማለት ነው። እኔም ጸሎቴን ቀየርሁ፤ «ጌታ ሆይ፣ ዓይኗን አብራላት» ማለቴን ባልተውም፣ «አንተ ምራት፣ አንተ ውሰዳት» ማለትን ጨመርሁበት።

በ2007 ዓ.ም. ታኅሣሥ 19 እሑድ ዋለ፤ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥና የብርሃን ሰንበት በአንድ ቀን ተገናኙ። እናቴ የስእለቷን ጧፍ ይዛ መሄድ አለብኝ አለች። የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥተን፣ የሐረር ገዥ የነበሩት ራስ መኰንን ካሠሩት ቤተ ክርስቲያን ደረስን፤ ለእኛ ለቆላ ሰዎች የቁልቢ ብርድ ከባድ ነውና በጋቢ ጠቅልዬ አቆምኋት። ጧፉን ለኩሼ በእጇ ሳስይዛት «በርቷል?» አለችኝ። «በርቷል እማዬ» አልኋት። «ለእኔ ባይታየኝም አጠገቤ ላለችው ይታያታል» አለች።

በዚያ ቀን የተሰበከው ሠለስቱ ደቂቅ፣ ሦስቱ ወጣቶች፣ ከተጣሉበት እሳት ስለ መዳናቸው ነበር። ሰባኪው አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ያላቃጠለው እሳት የጣሏቸውን ሰዎች እንደ ገደለ ከተናገረ በኋላ፣ ቀኑ የብርሃን ሰንበትም ስለሆነ፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ወደ ተጻፈው ዕውር ሆኖ ወደ ተወለደው ሰው ተሻገረ። ጌታ በምራቁ ጭቃ ለውሶ ዓይኑን ቀባውና «ሂድና በሰሊሆም መጠመቂያ ታጠብ» አለው፤ ሰውየውም ጭቃው ዓይኑ ላይ እንዳለ፣ ገና ምንም ሳያይ ሄደ። እናቴ ይህን ስትሰማ እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። «እሱስ ሳያይ አይደል የሄደው፤ እኔንም ውሰጂኝ» አለች። ስንት ሰው ለምኗት፣ አስረድቷት፣ ተቆጥቷትም ያልተንቀሳቀሰው ፍርሃት በዚያ ሰዓት ለቀቃት። ይህን ያደረገው የእኛ ምክር ቢሆን ኖሮ ቀድሞ ባደረገው ነበር።

ሕክምናው የተደረገው ሐረር ነው። ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ስትገባ ያንኑ የዳዊት ቃል በከንፈሯ ትደግም ነበር፤ ስትወጣም አልተንቀጠቀጠችም። በማግሥቱ ነርሷ ፋሻውን ስታነሣላት አስቀድማ የነርሷን እጅ፣ ቀጥሎ እኔን አየች፤ «ከሳሽ እኮ ልጄ» አለችኝ። ስሙ ይክበር ይመስገን! ሁለተኛው ዓይኗ ከጥቂት ወራት በኋላ ታከመ፤ እሱ እንደ መጀመሪያው አልጠራላትም፣ ሆኖም ሰው ለይታ ያለ መሪ ቅዳሴ ትሄዳለች።

ዛሬ በሠፈራችን ሞራ የጋረዳቸውን እናቶች ቤታቸው ድረስ እየሄደች ታነጋግራቸዋለች። እኔ ሐኪሙ ያለንን ልነግራቸው ስጀምር ታቋርጠኝና የሰሊሆሙን ሰው ትነግራቸዋለች፤ ከእነርሱም እጃቸውን ይዛ ሐረር ያደረሰቻቸው አሉ።