ደሴ ላይ ቦሎቄ ስንቀቅል

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም፤ ግማሹን ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ጣሊያን የቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ አስታውሳለሁ። ኬሚሴ ላይ የገዛሁትን ሙዝም አስታውሳለሁ። ከኮምቦልቻ በኋላ ግን ሐረጎ ላይ መኪናው መጠማዘዝ ሲጀምር እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ከኋላ ሰው ያስመልሰዋል፣ አጠገቤ ያሉት አዛውንት ቆሏቸውን ይቆረጥማሉ። እኔ ጭኔ ላይ ያለውን የቦሎቄ ፌስታል አቅፌ መስኮቱ ላይ ተለጥፌያለሁ።

የቦሎቄው ነገር እንዲህ ነው። አዳማ አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ የደሴ ልጅ ነው። እረፍት ቀን ላይ በቦሎቄና በሥጋ ድቡልቡል የምሠራትን ሾርባ ለእናቱ በስልክ ሲያወራላቸው ኖሯል። ለሥራ ወደ ደሴ እንደምሄድ ሲሰሙ ስልኩን ተቀብለው "ያችን ሾርባ ሳትሠራልኝ ንቅንቅ አትልም" አሉኝ። ቦሎቄ ደግሞ የእኛ ሰፈር እህል ነው። ስምጥ ሸለቆው በሰፊው ያመርተዋል፣ ዝርያ የሚያወጣው የመልካሳ የምርምር ማዕከልም እዚያው አዳማ ጎረቤታችን ነው። ባዶ እጄን ከምሄድ ብዬ ቀዩን ይዤ ወጣሁ።

ደሴ የገባሁት መሽቶ ነበር። ከመናኸሪያ ፒያሳ ለባጃጅ 200 ብር ተጠየቅኩ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ስለነበር አልተከራከርኩም። በማግስቱ ትክክለኛውን ዋጋ ስሰማ ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። በዚያ ሰዓት የሰው በር አላንኳኳም ብዬ ሆቴል ያዝኩ። 900 ብር። "ሙቅ ውሃ አለ?" ስለው እንግዳ ተቀባዩ "አለ" አለኝ። ቧንቧውን ከፍቼ ብጠብቅ በረዶ ነው የሚወርደው። ወርጄ ስጠይቀው "የሚለቀቀው ጠዋት ነው" አለ። ጠዋትም አልተለቀቀም። ብርድ ልብሱ እግሬን ሲሸፍን ትከሻዬን ይገልጣል፣ ከታች ያለው ቡና ቤት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዘፈኑን ያስጮኸዋል። አዳማ ሆነን ስለ ሙቀቱ ስናማርር ነው የምንውለው። እዚያ አልጋ ላይ ተኮራምቼ የአዳማን ፀሐይ ዳግም አላማም ብዬ ማልኩ።

ጠዋት ሸዋ በር አካባቢ ቤቱን ሳፈላልግ አንድ ወጣት "የማንን ቤት ነው?" አለኝ። የጓደኛዬን ስም ስነግረው ፌስታሉን ከእጄ ተቀበለኝ። "አብሽር፣ ቅርብ ነው።" ቅርብ አልነበረም። ዳገቱን ጨርሰን በር ላይ ስንደርስ የሻይ ብዬ ብር ባወጣ ፊቱን አጨፈገገብኝና ሄደ። እናትየው ደግሞ ሆቴል ማደሬን ሲሰሙ ከሱም ባሰባቸው። "ቤት እያለህ? ልጄ ምን ይለኛል?" ቡናው ተፈልቶ በረካው እስኪጠጣ ወቀሳው አላለቀም።

ማታውን ቦሎቄውን ዘፍዝፌ አደርኩ። ጠዋት የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍቼ በአዲስ ውሃ ጣድኩት። ቀይ ቦሎቄ ቀልድ አያውቅም። መጀመሪያ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ መፍላት አለበት። ጥሬው ውስጥ ክፉኛ የሚያስታውክ ነገር አለ፣ እሱም በለዘብተኛ እሳት አይጠፋም። ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሶ መጠበቅ ነው።

ጠበቅን። አምስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋና ድስቱ ወደ ከሰል ተዛወረ። ቦሎቄው አሁንም ጠጠር ነው። አዳማ ቢሆን ይሄኔ በልተን ተኝተናል። ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ደሴ ግን 2,500 አካባቢ። አዳማ ውሃ ወደ 95 ዲግሪ ተጠግቶ ይፈላል፤ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 92 ሳይሞላ መንተክተክ ይጀምራል። ድስቱ ይጨስ እንጂ ሙቀቱ ያንሳል፣ ቦሎቄ ደግሞ ያንን ልዩነት በሰዓት ያስከፍላል። እናትየው ቲማቲሙን ከትፈው በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ለመንኳቸው። ቦሎቄ ሳይለሰልስ ቲማቲም ከገባበት ኮምጣጣነቱ ገለፈቱን ያደድረዋል። "እሺ፣ አንተ ነህ ባለሙያው" አሉኝ፣ ባለሙያ የምትለዋን ረገጥ አድርገው።

ሥጋ ልገዛ ስነሳ "የትኛውን?" አሉኝ። "ጮማ ያለውን" አልኩ። ሳቁብኝ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው። ታናሽ እህታቸው ክርስቲያን አግብተው በዚያው ክርስትና ተነስተዋል፣ የሚኖሩትም ግድግዳ ተጋርተው ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ከፊት ለፊት ያሉት አሮጊት ደግሞ የጽጌን ጾም ይዘዋል። እሱ የፈቃድ ጾም ነው፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5። ሁላችንም ለዚያችው ሾርባ ተጠርተናል። የእኔ ሾርባ ግን የአንድ ድስት ሥራ ናት። ድቡልቡሉን ጠበስ አድርጌ ቦሎቄው ውስጥ እከተዋለሁ፣ ጣዕሟም የሚመጣው አብረው ሲንተከተኩ ነው። ይህንኑ ሳስረዳ እናትየው በትዕግሥት ሰሙኝና "ቦሎቄው እንደሆን ሃይማኖት የለው፣ ምን አስጨነቀህ?" አሉ።

ነገሩ ለእነሱ አዲስ አይደለም። ቦሎቄው በትልቁ ድስት በዘይት ብቻ ተሠራ። ሥጋው ከሁለት ልኳንዳ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ተገዛ። እህትየው የራሳቸውን ድስት፣ ጭልፋና የከሰል ምድጃ ተሸክመው መጥተው ግቢው ሌላኛው ጥግ ላይ ተቀመጡ። የድስታቸው ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፤ ክሩ ጠቁሯል፣ ከቆየ ቆይቷል።

ልኳንዳዎቹ መፍጫ ስለሌላቸው ሥጋውን እንደ ክትፎ ነው ያስከተፍኩት። ክትፎ ግን ስብ አይወድም፣ ድቡልቡል ያለ ስብ ይደርቃል፣ ስለዚህ ትንሽ ጮማ አብሮ ይከተፍ። ፉርኖ ዳቦ ውሃ ውስጥ ነክሮ ጨምቆ መፈርፈር። እንቁላል፣ ድቅቅ ያለ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው። የእህትየውን ድርሻ እኔ አድበለበልኩ። "እናትህ ሴት ልጅ አልወለደችም እንዴ?" አሉኝ። የራሳቸውን እናትየው አላስነኩኝም። እጃቸውን ውሃ እያስነኩ ሁለት መዳፋቸው መሃል ያሽከረክሩታል፣ ሲጨርሱ በአውራ ጣታቸው አንዴ ጫን። እያንዳንዱ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ይቀራል። ለምን ስላቸው "ሾርባው ይያዝበት" አሉ። እኔ እስከ ዛሬ አስቤው አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ቦሎቄው እጅ ሰጠ። ሽንኩርቱ፣ ካሮቱ፣ በመጨረሻም ያ ቲማቲም ገባ። ጭልፋ ወደ ሥጋ ሳይሻገር ለጾመኛዋ አሮጊት ተቀዳላቸው። ከዚያ ቦሎቄው ወደ ሁለቱም ድስት ተገልብጦ ሩብ ሰዓት ያህል ተንተከተከ። እኔ የበላሁት ከባለ ቀይ ክሩ ነው። ወፍራም፣ ጮማው ላዩ ላይ የሚያብለጨልጭ፣ ለዚያ ብርድ የተፈጠረ ሾርባ ነበር። እናትየው አንድ ጎድጓዳ ሳህን ጨረሱ። "ሸጋ ነው" አሉ። ቀጥለው "የበሽተኛ ነው እንጂ" ብለው ሚጥሚጣ ነሰነሱበት። እህትየውም ተቀበሏቸው። አሮጊቷም።

በማግስቱ ሐይቅ ወረድኩ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እስጢፋኖስ ገዳምን አየሁ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ በላሁ፣ ዓሣው ላይም እንደ ባጃጁ ተቆረጠብኝ። ማታ ስመለስ የተረፈው ቦሎቄ በበርበሬ ተቁላልቶ፣ ወጥ ሆኖ፣ በእንጀራ ቀረበልኝ። ሁለቴ አስጨመርኩ። እናትየው ይህችን ልብ ብለው ኖሮ ወዲያው ለልጃቸው ደወሉና "የጓደኛህን ሾርባ አስተካከልኩለት" አሉት።