የጀርመን አካባቢዎችን ወግ በአንድ ምግብ ቤት ለማቅረብ የሄድኩበት መንገድ

በጀርመን ስም በተከፈተ ምግብ ቤት ብዙ ጊዜ አስተናጋጁ የቆዳ ቁምጣ ለብሶ፣ የሊትር ቢራ ተሸክሞ ይመጣል። ቁምጣውም ማስ የሚባለው የሊትር ብርጭቆም የደቡብ ጀርመኗ ግዛት የባቫሪያ ወግ ናቸው፤ ቁምጣው እንዲያውም የአልፕስ ተራሮች ግርጌ ልብስ ነው። የሰሜኗ ሀምቡርግ ሰው ያንን አይቶ «አገሬ ገባሁ» አይልም። ስለዚህ ፍራንክፈርት ውስጥ የምግብ ዝርዝር ሳወጣ ሁሉንም አካባቢ አንድ ገጽ ላይ ማጨቁን ትቼ በየሳምንቱ አንዱን ብቻ አቀረብኩ። ከምግቡ በፊት ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ሰላምታውን፣ የሚቀርብበትን ዕቃና ሰዓቱን። ሀምቡርግ ላይ ማታም ቢሆን «ሞይን» ነው፤ ሙኒክ ላይ «ግሩስ ጎት»።

ወጥ ቤቱን ያስቸገረው ቫይስቩርስት፣ የሙኒኩ ነጭ ቋሊማ ነው። ከጥጃ ሥጋና ከአሳማ ጮማ ይሠራል፤ ፓርስሌና የሎሚ ልጣጭ ይገባበታል። አይጠበስም። ውኃውን አፍልቼ ከእሳት አወርድና ቋሊማውን ጨምሬ 10 ደቂቃ ያህል እተወዋለሁ፤ ከ70 እስከ 75 ዲግሪ ሙቀት ይበቃዋል። ውኃው እየተንተከተከ ከገባ ቆዳው ይተረተራል፣ ጣዕሙም ውኃው ውስጥ ይቀራል። ከነሙቅ ውኃው ክዳን ባለው ጎድጓዳ ሳህን፣ ከጣፋጭ ሰናፍጭና ብሬትሰል ከሚባለው የተቆላለፈ ዳቦ ጋር ይቀርባል። የሚያቃጥል ሰናፍጭ ወይም የኮመጠጠ ጎመን አጠገቡ ማስቀመጥ ሙኒኮችን ያስቀይማል። ቆዳው እንደማይበላ ለእንግዳው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ከቀትር በፊት ይበላል የሚባለው፣ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን በጭስ ያልታጠነ ቋሊማ ቶሎ ይበላሽ ስለነበር ነው፤ እኔም ከ6 ሰዓት በኋላ አላቀርበውም።

የኮሎኝ ሳምንት ላይ ግን ከምግቡ ይልቅ መስተንግዶው ይከብዳል። ኮልሽ ቢራ የሚቀርበው በ0.2 ሊትር ቀጭን ብርጭቆ ነው፤ አረፋው ቶሎ ስለሚወርድ በትልቅ ብርጭቆ ከተቀዳ ሳያልቅ ይሞታል። ኮልሽን በሊትር ብርጭቆ መስጠት ጠጅን በብርሌ ፋንታ በፕላስቲክ ኩባያ እንደ መቅዳት ነው። ኮቤስ የሚባለው አስተናጋጅ ሳይጠየቅ ባዶውን አንስቶ ሙሉውን ያስቀምጣል፤ ባስቀመጠ ቁጥር ከብርጭቆው ሥር ባለው ካርቶን ጠርዝ ላይ በእርሳስ አንድ ሰረዝ ያሰምራል። ሒሳብ የሚሠራው ሰረዞቹ ተቆጥረው ነው። የበቃው ሰው ካርቶኑን ብርጭቆው አፍ ላይ ይከድናል። ይህ ዝርዝሩ ራስ ላይ ካልተጻፈ እንግዳው «ያላዘዝኩትን አመጣችሁብኝ» ብሎ ይቆጣል፤ መቆጣቱም ልክ ነው። የኮቤስ ተረብም የወጉ አካል ነው፤ ከተማውን የማያውቅ አስተናጋጅ ሲያስመስለው ግን ስድብ ስለሚሆን አስቀረሁት። ሀልቨ ሃን የሚለውንም ቃል በቃል አትተርጉሙ። «ግማሽ አውራ ዶሮ» ይመስላል፤ የሚመጣው ግን ጠቆር ያለ ትንሽ ዳቦ፣ ወፍራም የጎዳ አይብ፣ ሰናፍጭና ሽንኩርት ነው።

የኑረምበርግን ጣት የሚያህሉ ቋሊማዎች በባቫሪያ ሳምንት ውስጥ አትክተቱ። ከተማዋ በባቫሪያ ግዛት ብትሆንም ፍራንከኖች የሚባሉት የአካባቢው ሰዎች ባቫሪያዊ መባልን አይወዱም።

ሽቫቦች፣ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን የሽቱትጋርት አካባቢ ሰዎች፣ በቆጣቢነታቸው ይቀለድባቸዋል። ቀልዱን ዝርዝር ላይ ማተም ግን ሌላው በእነሱ እንዲስቅ መጋበዝ ስለሆነ፣ እኔ ራሳቸው የሚያወሩትን ጻፍኩ፦ ማውልታሸን የሚባለው ሥጋ የተሞላ ምግብ በሊጥ የተሸፈነው በጾም ሥጋውን ከእግዜር ለመደበቅ ነው ይላሉ። ሽፔትስለ የሚባለው የእንቁላል ፓስታቸው ደግሞ ለ4 ሰው 400 ግራም ዱቄት፣ 4 እንቁላል፣ 150 ሚሊ ሊትር ውኃና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይፈልጋል። ሊጡ አረፋ እስኪያወጣ በእንጨት ማንኪያ ይመታል፤ 15 ደቂቃ ካረፈ በኋላ በመጭመቂያ ወደፈላ ውኃ ይወርዳል፤ ሲንሳፈፍ ይጨለፋል። ከቀጠነ ውኃው ውስጥ ይበተናል፤ ከወፈረ እንደ ጎማ ይሆናል።

የኛ ሰው ሲመጣ ቫይስቩርስት ውስጥ አሳማ መኖሩን ከማዘዙ በፊት እነግረዋለሁ፤ ስሙ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ለእሱ የሚሆነው ሽፔትስለ በአይብና በተጠበሰ ሽንኩርት ነው፤ የአሳማ ሥጋ ባልነካው መጥበሻ። ለጿሚ ግን እንቁላልም አይብም ስላለበት አይሆንም። ከጀርመን ምግብ ጋር የሚቀርበውን ቀይ ጥቅል ጎመን ብዙ ወጥ ቤቶች በእንስሳ ስብ ስለሚሠሩት፣ ለጿሚ በሌላ ድስት በዘይት፣ በፖምና በቅርንፉድ አበስላለሁ፤ አጠገቡ ቅቅል ድንች አደርጋለሁ።