ኅዳር ላይ ችግኝ ማልበስ

ከላምበረት ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ። ሰንዳፋ፣ ሸኖ፣ ጫጫ እያለ 130 ኪሎ ሜትሩ ያልቃል። ሸኖ ላይ ቅቤ ሊገዙ የወረዱ ሰዎች ትንሽ አስቆሙን እንጂ መንገዱ ብዙም የሚወራለት አይደለም። ደብረ ብርሃን ስትደርስ ግን ብርዱ ወጥቶ ይቀበልሃል። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። በብርድ ልብስ መታወቋ አይገርምም።

የሄድኩት ዩኒቨርሲቲ የሚማረውን የአክስቴን ልጅ ለመጠየቅ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግቢውን ስንዞር ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። አንድ ጋቢ የደረቡ አትክልተኛ ትንንሽ የጽድ ችግኞች ላይ የተኛውን ደረቅ ሣር ያነሳሉ።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኔ ልጅ።»

«ሣሩ ለምንድን ነው?»

«ማታ አለብሳቸዋለሁ፣ ፀሐይ ስትወጣ እገልጣቸዋለሁ። መትከሉንማ ሁሉም ይተክላል። ኅዳር ላይ ማን ያለብሳል?»

ይህቺ ጥያቄ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀችኝም። አረንጓዴ አሻራ 2011 ላይ ከተጀመረ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር አገር ምድሩ ይተክላል። ዝናብ ስላለ ሐምሌ ትክክለኛው ጊዜ ነው። ችግሩ አብዛኛው ተማሪ በሐምሌ ቤቱ ነው። ሲመለስ ዝናቡ አልቋል፣ ውርጩ ደርሷል፣ ከዚያም ረጅሙ በጋ ይመጣል። ስለዚህ የተማሪ ሥራ መትከል ሳይሆን ማጠጣትና ማልበስ ነው። ከካፌው የአትክልት ማጠቢያ ውኃ በባልዲ ማውጣት ምን ይከብዳል? ለፎቶ ግን አይመችም።

«እኛ ስንመጣ እኮ ወይ ጸድቋል ወይ ደርቋል» አለኝ የአክስቴ ልጅ።

ከከተማው ወጣ ሲሉ ያለው ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም እያልን እናማዋለን። እውነት ነው። ግን እሱ ባይኖር የሚነደው ኩበት ነው፤ ኩበት ሲነድ ደግሞ ማሳው ፍግ ያጣል። ስለዚህ «ንቀሉት» የሚለውን ወሬ አልወደውም። ግቢ ውስጥ ግን ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ይሻላሉ። እዚያ ለማገዶ የሚቸኩል የለም።

ከዚያ መንዝ ውስጥ ወዳለው የሣር ምድር፣ ወደ ጓሳ ወጣን። ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ ይታጠፋል። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ቆሞ፣ ሣሩ እስከ ጉልበት። ቀይ ቀበሮ አየሁ ብዬ ለማውራት ጓጉቼ ነበር፤ የገጠመኝ ጭላዳ ብቻ ነው፣ እሱም እንደ ልቡ ሣር እየነጨ።

የመንዝ ሰዎች ይህን ቦታ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሥርዓት ጠብቀውታል። የራሳቸውን ኃላፊዎች መርጠው ለዓመታት ይዘጉታል፤ ማንም አያጭድም፣ ከብት አይገባም። ሲከፈት ሁሉም ድርሻውን ይወስዳል። ጣራው፣ ገመዱ፣ ገሳው ከዚያ ሣር ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ አሮጌው ሥርዓት ፈረሰ። ሰዉ ግን ዝም አላለም፤ በሌላ መልክ አደራጅቶ መለሰው።

የዩኒቨርሲቲ ግቢ አጥር አለው፣ ዘበኛ አለው። ተዘግቷል ማለት ነው። የሚጎድለው ሁለተኛው ነገር ነው፤ የጠበቀው ሰው ምን ይደርሰዋል? የግቢው ሣር በጊዜው ታጭዶ ችግኝ ለሚያለብሱትና ለጎረቤት ገበሬ ቢሰጥ፣ ተማሪውም ያጠጣው ዛፍ በስሙ ቢመዘገብለት ብዬ አሰብኩ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ለአክስቴ ልጅ ነገርኩት።

«ፕሮፖዛል ጻፍልንና አስፈርመው» ብሎ ሳቀብኝ።