«ምንድን ነው?» ማለቱን ስተወው

ታናሽ ወንድሜ ከሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ተቀርጾ ከሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር) የሠራውን ቅርፅ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ምንድን ነው?» ብዬ ነው። «ምንም አይደለም፤ ዝም ብለሽ እይው» አለኝ። ቁመቱ አንድ ክንድ ይሆናል። ሰውም፣ ወፍም፣ አበባም አይመስልም። አንዱ ጎኑ ሰማያዊ፣ ሌላው ቢጫ ነው። ቡፌው ላይ ግድግዳ አስጠግቼ አስቀመጥኩት። ክረምቱን ሙሉ አቧራውን ከመጥረግ በቀር ልብ ብዬ አላየሁትም።

መስከረም ላይ ቤት ሳጸዳ ለጊዜው መስኮቱ ላይ አኖርኩት። እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ያለው ቤታችን መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ከጀርባው ገባች። መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ወለሉ ላይ አረንጓዴ ፈሷል። ቅርፁ ላይ እኮ አረንጓዴ የለም! ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፦ ቢጫው ቀለም ሰማያዊውን ብርሃን ይውጠዋል፤ ሰማያዊው ደግሞ ቀዩን። ሁለቱን አልፎ የሚወጣው አረንጓዴው ነው።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬ ተቀየረ። ብርሃኑ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ነው የምከታተለው። የፋሲል ግንብ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ስታርፍ ብርሃኑ ላዩ ላይ ይቀራል። ይኼ ግን ያስገባዋል። ስስ ጫፉ ፈዛዛ፣ ወፍራሙ ደማቅ ነው። ጠጅ በብርሌ ያየ ሰው ይገባዋል፦ አንገቱ ላይ የገረጣው ሆዱ ላይ ይጠቁራል፤ ጠጁ ግን ያው ነው። አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥራም አሁን ነው የገባኝ። የሳለው አፈወርቅ ነው፤ በየሰዓቱ የምትቀባው ግን ፀሐይ ናት።

3 ሰዓት ሲያልፍ ብርሃኑ ይበረታል። መስኮቱ ላይ ነጠላ ስሰቅልበት ለስለስ አለ። በስልክ ፍላሽ ማንሳት ግን አይሆንም፤ ከፊት የመጣ ብርሃን ላዩን ብቻ ያሳያል። ሬዚን ፀሐይ ሲበዛበት ወደ ቢጫነት ስለሚሄድም፣ ካየሁት በኋላ ወደ ቡፌው እመልሰዋለሁ።

ባለፈው ማታ መብራት ጠፋ። እማዬ ጧፍ ለኩሳ ከቅርፁ ኋላ ራቅ አድርጋ አቆመችው። የጧፍ ብርሃን ሰማያዊ እምብዛም የለውም። ሰማያዊው ጎን ጥቁር ሆነ፤ ቢጫው ፍም መሰለ። እማዬ እራቷን ትታ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች።