የመጀመሪያው ቆልማማ ደጋኔ፦ ጫፉን ብቻ

ሦስት ቀጥ ያሉ ደጋኖች ከሠራሁ በኋላ ጫፉ ወደ ፊት የተቆለመመውን ዓይነት መሞከር አማረኝ። (ደጋን የምለው እንጨቱን ነው፤ ቀስት ካልን ከፍላጻው ጋር ይምታታብናል። እናቴ በስልክ "ደጋን እየሠራሁ ነው" ስላት የጥጥ መንደፊያው መስሏት "ደግሞ ፈትል ጀመርክ?" አለችኝ።)

መጀመሪያ ልቤ የሄደው ወደ ቱርኮቹ ደጋን ነበር። የእነሱ ግን ባዶ እንጨት አይደለም። በሆዱ (ወደ ተኳሹ በሚዞረው ጎን) በኩል ቀንድ፣ በጀርባው ጅማት ተለጥፎበታል፤ ቀንዱ መጨመቁን፣ ጅማቱ መለጠጡን ይችላሉ። እኔ ይህን እያወቅሁ 60 ኢንች የሂኮሪ (ጠንካራ የአሜሪካ ዛፍ ነው) ጣውላ ወስጄ ሁለቱንም ጫፍ ክፉኛ አጠፍኩት። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል። አውታሩን ያስገባሁ ዕለት ግን የደጋኑ የላይኛው ክንድ (ከመያዣው በላይ ያለው ግማሽ) በእጄ ውስጥ ተጠመዘዘና አውታሩ በጎን ሾልኮ ወጣ፤ ጣቴ ለጥቂት ተረፈ።

ቀጥ ባለ ደጋን ላይ ጫፉ ትንሽ ቢንጋደድ ብዙም አይታወቅም። ጫፉ ሲቆለመም ግን ያቺው ትንሽ መንጋደድ ክንዱን የምታዞር ማንሻ ትሆናለች። ስለዚህ ጀማሪ መጠየቅ ያለበት "የትኛው ፍላጻውን ያፈጥናል?" ሳይሆን "የትኛው ስህተቴን ይችልልኛል?" የሚለውን ይመስለኛል።

አማራጮቼን አየሁ። ሲሳብ ከክንዱ ጋር አብሮ የሚለጠጥ ሰፊ ኩርባ በእንፋሎት ብቻ በታጠፈ እንጨት ላይ ቀስ በቀስ ይፈታል። መያዣው አጠገብ ወደ ተኳሹ ገብቶ ጫፉ ላይ ወደ ፊት የሚመለሰው ቅርጽ ለእንጨቱ ገር ነው፤ ግን ቀርከሃና እንጨት በኮላ አጣብቆ ቅርጹ ላይ ማሰርን ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ያለኝ አራት ሞርሳ ነው። የቀረኝ ረጅም ጠፍጣፋ ደጋን ሠርቶ የመጨረሻውን 6 ኢንች ብቻ ወደ ፊት መቆልመም ነበር። የፍጥነት ትርፉ ትንሽ ነው፤ አልዋሽም።

66 ኢንች ሂኮሪ ገዛሁ፤ የእንጨቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የሚሄደውን ለማግኘት ሱቁ ውስጥ ከ20 በላይ ጣውላ አገላበጥኩ። የጫፉን ውፍረት ወደ ግማሽ ኢንች አውርጄ፣ የዶሮ ወጡ ትልቅ ድስት ላይ በፎይል ሸፍኜ 40 ደቂቃ ያህል በእንፋሎት አቆየሁት። ከድስቱ ወጥቶ ከሞራሌ በቆረጥኩት ቅርጽ ላይ እስኪታሰር ያለው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው፤ ጓንት አድርጉ። የመጀመሪያው ጫፍ ሆዱ ላይ ስንጥር አነሳ። ለሁለተኛው ስስ ቆርቆሮ በውጭ በኩል ደግፌ አጠፍኩትና ምንም አልሆነ።

ከዚህ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል ይህን እላለሁ፦ ጫፉን ቶሎ አታቅጥኑ። አንድ ኢንች ስፋት ተውለት። አውታሩ ገብቶ ወዴት እንደሚያደላ ካያችሁ በኋላ የአውታሩን መቀመጫ በአንድ ጎን በሞረድ እየበላችሁ ወደ መሃል ትመልሱታላችሁ። ቀድሞ የቀጠነ ጫፍ ለዚህ ቦታ የለውም።

አሁን 27 ኢንች ስስበው የመሳቢያው ኃይል 38 ፓውንድ ነው። 200 ገደማ ፍላጻ ከወረወርኩ በኋላ 2 ኢንች የነበረው ቁልምም ወደ 1 ኢንች ተኩል ወርዷል። የቨርጂኒያ ሐምሌ በላብ የታጠበ ነው፤ ሂኮሪ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፣ እርጥብ ሂኮሪ ተስቦ እንደጎበጠ ይቀራል። ስለዚህ ደጋኑ አሁን የሚያድረው እርጥበት መምጠጫ ማሽን ባለበት ክፍል ነው።

የግራው ጫፍ አሁንም ትንሽ ወደ ውጭ ያያል። ቅዳሜ በሂት ገን (ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ) አሙቄ ላቀናው አስቤያለሁ፤ ሂኮሪን በደረቅ ሙቀት ያቃና ካለ መሣሪያውን ከእንጨቱ ምን ያህል እንዳራቀው ይንገረኝ። ድስቱ እንጨት እንጨት ስለሸተተ ለባለቤቴ ሌላ ገዝቻለሁ፤ አሮጌው የእኔ ሆኗል።