ሁለቴ ሄጄ አንዴ ያየሁት ዋሻ

አማቴ ከሆሳዕና ሲመጡ ሁለት ነገር ይዘው መጡ፤ አንድ እስር ቆጮና አንድ ጥያቄ። ቆጮው በአራት ቀን አለቀ። ጥያቄው ግን ቤት ውስጥ ከረመ። ጠዋት ቡና ላይ ይነሳል፣ ማታ እራት ላይ ይነሳል። «እዚህ አገር የእመቤታችን ዋሻ የለም?»

እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ ኦርቶዶክስ ነኝ። ዋሻ ሲባል ትዝ የሚለኝ የባሕታዊ በዓት ነው። ሚስቴ ናት ያስረዳችኝ። ካቶሊኮች ግቢያቸው ውስጥ፣ ዛፍ በበዛበት ጥግ፣ ድንጋይ ደርድረው ትንሽ ዋሻ ይሠራሉ። እዚያ ውስጥ የድንግል ማርያም ሐውልት ይቆማል። ጣራ የለው፣ በር የለው። ሰው ፊቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይደግማል፣ ሻማ ያበራል፣ ይሄዳል። እሷም ልጅ ሆና የተሯሯጠችው እንዲህ ያለ ዋሻ ፊት ነው። ሰባት ዓመት በትዳር ኖረን ይሄን አለማወቄ ትንሽ አሳፈረኝ።

ጠይቄ ጠይቄ አንድ አገኘሁ። ከከተማው ወጣ ያለ፣ ዋንዛና ጽድ የሞላበት ግቢ ነው። ሲስተሮቹ፣ መነኮሳይያቱ ማለት ነው፣ የሚኖሩት እዚያው ስለሆነ ሰው እንዲጎርፍባቸው አልፈልግም፤ ስለዚህ የት እንደሆነ አልናገርም። ደግሞ ከጠየቃችሁ ታገኙታላችሁ።

አማቴን ከመውሰዴ በፊት ቀድሜ አይቼ ልምጣ አልኩ። እዚህ ላይ ነው የተበላሸው።

የሄድኩት በምሳ ሰዓት፣ ከሥራ አምልጬ ነው። ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩና ልጁን «አስር ደቂቃ ነው፣ ጠብቀኝ» አልኩት። በሩ ላይ አንድ በዕድሜ የገፉ ዘበኛ ነበሩ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ዋሻውን ለማየት ነው አባባ።»

«ለማየት ነው ለመጸለይ?»

«ለማየት።»

ዝም ብለው አዩኝ። ገብተው አስፈቅደው ተመለሱና «ግባ» አሉኝ። ያቺን ጥያቄያቸውን በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤያታለሁ።

ዛፎቹ ሥር ስደርስ ጫማዬን አወለቅኩ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንደምንገባው ማለት ነው፤ እጄ ራሱ ነው ወደ ማሰሪያው የሄደው። ስልኬን አውጥቼ በካልሲ እየተራመድኩ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን። ሦስተኛው ላይ ቁርጭምጭሚቴን አንድ ነገር ነደፈኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ገብረ ጉንዳን ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ገብረ ጉንዳን የያዘውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭንቅላቱ ይቀራል እንጂ አይለቅም። ጮህኩ። በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ካልሲዬን ስገነጥል፣ አግዳሚው ላይ ነጠላ ለብሳ የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ አየችኝ። እዚያ መኖሯን እንኳ አላስተዋልኩም ነበር። ውጭ ባጃጁ ጡሩንባውን ያስጮሃል።

ማታ ፎቶዎቹን ለሚስቴ አሳየኋት። በሦስቱም ላይ የሴትየዋ ጀርባ አለ። «ይቺ ሴት ፈቅዳልሃለች?» አለችኝ። አጠፋኋቸው። ዋሻው ምን ይመስላል ብትሉኝ መልስ አልነበረኝም። እግሬ እያበጠ ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ ሁሉንም ነገር ለአማቴ ተውኩት። እኔ የሠራሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ በዋዜማው ሄጄ ማለዳ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩ። ሁለተኛ፣ ስልኬን ቤት አስቀመጥኩ። ሁለተኛው ከባድ ነበር፤ መንገድ ላይ አራት ጊዜ ኪሴን ዳበስኩ።

ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። አማቴ ባጃጁን ከበሩ ራቅ አድርገው አስቆሙትና «በእግራችን እንግባ» አሉ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ያቺን ትንሽ መንገድ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ፈጀብን። ግን ለካ እሱ ነው የሚያስፈልገው። በዝግታ ሲሄዱ ጆሮ ይከፈታል። መጀመሪያ የከተማው ድምፅ ቀነሰ፣ ከዚያ ዋኔዎቹ ተሰሙ፣ ከዚያ የደረቀው የዋንዛ ቅጠል ከእግራችን ሥር ሲንኮሻኮሽ። አንዲት ጦጣ ልጇን ሆዷ ላይ አንጠልጥላ ከላይ ታየናለች። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል አማቴ ክንዴን ያዙኝ። «ደጅ እኮ ነው ልጄ። ማን አውልቅ አለህ?»

ሻማቸውን አብርተው ተቀመጡ። እኔም ጎናቸው።

መቁጠሪያቸው የእንጨት ነው፤ ከብዛት አገልግሎት ጠቁሯል። አንዷ ፍሬ ጠፍታ በሸሚዝ ቁልፍ ተተክታለች፣ ነጭ፣ ባለ አራት ቀዳዳ። ጣታቸው እዚያች ቁልፍ ላይ ሲደርስ ለአፍታ ይቆማል። የእኛ አባቶች በ41ና በ64 ይቆጥራሉ፤ የእሳቸው አምስት አስር ነው፣ በየአስሩ መካከል አባታችን ሆይ ይባላል። በየፍሬው የሚደገመውን ጠጋ ብዬ ስሰማ የማውቀው ነው። ገብርኤል ለማርያም ያቀረበው ሰላምታ። እኛ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል መልአክ» ብለን የምንጀምረው። ግማሹን በልቤ አብሬያቸው አልኩት።

ያን ቀን ነው ሐውልቷን በደንብ ያየኋት። እውነቱን ለመናገር እኛ ለሥዕል እንጂ ለሐውልት አልተለማመድንም፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጨንቆኝ ነበር። አማቴ ምንም አድርግ አላሉኝም፤ እኔም ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ነጭ ቀሚስ፣ ወገቧ ላይ ሰማያዊ መቀነት፣ በእያንዳንዱ እግሯ ላይ አንድ ቢጫ ጽጌረዳ።

«ለምን ሰማያዊ መቀነት?» አልኳቸው ሲጨርሱ።

«ልጅቷ ያየቻት እንደዚያ ነዋ።»

ልጅቷ በርናዴት ናት። ፈረንሳይ አገር፣ ሉርድ የምትባል ከተማ ውስጥ የምትኖር የ14 ዓመት የድሃ እህል ፈጪ ልጅ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1858 ከእህቷና ከጓደኛዋ ጋር ወንዝ ዳር እንጨት ለቀማ ወጣች። ዋሻው አፍ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት አየች። እስከ ጁላይ ድረስ 18 ጊዜ ታየቻት። አንድ ቀን መሬቱን በእጇ ጫረች፣ ጭቃ ወጣ፣ ከዚያ ምንጭ ሆነ። ያ ምንጭ ዛሬም ይፈሳል፤ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ይሄዳል። በየአገሩ ካቶሊኮች የሚሠሩት የድንጋይ ዋሻ የዚያ ግልባጭ ነው።

አማቴ ይሄን ሲነግሩኝ የቆዩት እንጨት ለቀማው ላይ ነው። ወንዝ ዳር ስለነበረው ብርድ፣ ልጅቷ አስም ስላለባት ውሃው ውስጥ ለመግባት ስለመፍራቷ፣ ካልሲዋን ስታወልቅ ንፋስ ስለመስማቷ። «ካልሲዋን» ሲሉ በጎን አዩኝ። ሚስቴ ነግራቸዋለች ማለት ነው።

ስንነሳ ደወል ተደወለ። ግቢው ውስጥ ባለችው ትንሽ ቤት ቅዳሴ ሊጀመር ነው። አማቴ ደስ ብሏቸው ቀድመው ገቡ። እኔ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ። ከዚያ የገረመኝ ነገር መጣ። ካህኑ ጀመሩ፤ በግዕዝ! «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» ሲሉ ከአፌ ሳላስበው «ምስለ መንፈስከ» ወጣ። አማቴ ዞር ብለው አዩኝ። ግራ ገብቷቸዋል። በሆሳዕና ያለው የላቲን ሥርዓት ነው፤ እሳቸው የሚያውቁት ቅዳሴ አጭርና በአማርኛ ነው። በሰሜኑ ያሉት ካቶሊኮች ግን የግዕዙን ሥርዓት ነው የሚከተሉት። መቼ መቆም እንዳለባቸው እያዩ የተከተሉት እኔን ነው። ሊያስጎበኙኝ የወጡት ሴትዮ መንገድ የሚጠይቁት ከእኔ ሆነ።

ሲያልቅ «ይሄማ የእናንተ ነው!» አሉኝ፣ ትንሽ እንደተከዳ ሰው።

በኋላ እንደተረዳሁት እዚህ ያሉት ካቶሊኮች ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ባሕር ዳር የራሷን ሀገረ ስብከት፣ ከደሴ ጋር ተጣምራ፣ ያገኘችው በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ ሥር ነበረች። አንዲት ሲስተር ሻይ እየቀዱልን ስለ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል አነሱልን። የጎጃም ሰው ናቸው፤ በመርጡለ ማርያም የተማሩ፣ አንድ ዓይናቸው የማያይ መነኩሴ። የመጽሐፍ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በእስር እየተንከራተቱ በ1855 ሞቱ፣ ሮም በ1926 ብፁዕ፣ ማለትም ከቅድስና በፊት ያለውን ማዕረግ፣ አለቻቸው። ጎጃሜ ሆኜ ስማቸውን የሰማሁት ከሆሳዕና የመጣ እንግዳ ይዤ ስሄድ ነው። አማቴ ግን ያውቋቸው ነበር።

ስንመለስ ጊዮርጊስ ጋ ወረድን። አማቴ ደክሟቸው ጥላ ሥር ሲያርፉ እዚያ ግቢ ውስጥ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ፎቅ አሳየኋቸው። በፔድሮ ፓኤዝ ስም የሚጠራው ነው። ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 አገራችን የገባ ስፔናዊ፣ ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ካህን ነው። ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ በ1618 የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየ፣ በ1622 ከጣና ማዶ ጎርጎራ ላይ የሞተ። በልጅነቴ እሱ ፎቅ አጠገብ ስንት ጊዜ ተጫውቻለሁ! ስሙን ሳላውቅ።

«ከዚያስ?» አሉ።

ከዚያማ አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ፣ አገር ተነሳ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። ይሄን ስናገር ድምፄን ዝቅ እንዳደረግኩ የታወቀኝ አማቴ ጠጋ ሲሉኝ ነው። አራት መቶ ዓመት አልፎት እንኳ ጣና ዳር ይሄ ወሬ በሹክሹክታ ነው የሚወራው። የፈራሁት ማንን እንደሆነ አላውቅም። አጠገባችን የነበሩት አንዲት ጠበል ቀድተው የሚመለሱ እናት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም አማቴን ጉልበትዎን ምን ሆኑ ብለው ጠየቋቸው። ሁለቱ ስለ ጉልበት ሃያ ደቂቃ አወሩ።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ከእግሬ ዋጋ የከፈልኩበትን ልንገራችሁ። በምሳ ሰዓት አትሂዱ፤ ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ ሐሳባችሁም ምሳው ላይ ነው። ባጃጅ አታስጠብቁ። የሚጠብቅ ሰው ካለ ልብ ውጭ ይቀራል፤ ጠዋቱን ሙሉ ስጡት፣ ካልሆነ ሌላ ቀን ይሁን። ቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ደጅ ያለ ስለሆነ ብቻ መናፈሻ አይደለም፣ የሰው ቤት ነው። ሌላ እምነት ካላችሁ የማታምኑበትን እንድታደርጉ የሚያስገድዳችሁ የለም። መቀመጥ ይበቃል። ያገሩን ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ከመጽሐፍ የማታገኙትን ታገኛላችሁ፤ የእኔ አማቴ ካልሲዋን ነግረውኛል።

ስለ ዛፎቹ ደግሞ። አማቴ «ጸሎትና ጫካ አብሮ የሚሄደው እኛ ጋ ብቻ ይመስለኝ ነበር» ሲሉኝ ሳቅኩ። በሌላ ቀን በጀልባ ዘጌ ወሰድኳቸው። ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፣ መሬት አይታረስም። አቡነ በትረ ማርያም ቃል አስገብተውን ነው ይላሉ ሰዎቹ፤ ሳታርሱና ዛፍ ሳትቆርጡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ትኖራላችሁ ብለው። ቡናው ዛሬም የሚበቅለው ትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ገዳማቱም እዚያው ደኑ ውስጥ ናቸው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ፣ የቡና ዛፍ ሥር፣ መቁጠሪያቸውን አወጡ። ማንም ምንም አላላቸውም። እኔ ግን እዚያ ጫማዬን አወለቅኩ፣ መሬቱን በደንብ አይቼ።

ተመልሰው ከሄዱ ከሳምንት በኋላ ከሆሳዕና ደወሉ። መቁጠሪያቸው የለም። ከመሄዳቸው በፊት ለመሰናበት ብቻቸውን ወደ ዋሻው ሄደው ነበር፤ እዚያ ሳይረሱት አልቀሩም። አዲስ እንግዛልዎት ብትላቸው ሚስቴ አልፈለጉም። «ባለ ቁልፏን ነው የምፈልገው» አሉ።

ቅዳሜ ማለዳ ሄድኩ። ዘበኛው ገና ሳልናገር አወቁኝ። ማረፊያቸው ውስጥ፣ ከሬዲዮናቸው በላይ፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አውርደው ሰጡኝ። ቁልፏን በአውራ ጣቴ ነካኋት፤ አለች።

ልመለስ ስል «አትገባም እንዴ?» አሉኝ።

ሥራ የለኝም፣ የሚጠብቀኝ ባጃጅም የለም። «እገባለሁ አባባ።»

«ለማየት ነው?»

«አይ።»

በሩን ገፋ አድርገው ከፈቱልኝ። «ጫማህን ግን እንዳታወልቅ» አሉ።