ከጥርስ ቀዶ ጥገና በኋላ ያለውን ሌሊት ማንም አልነገረኝም

ይህን የምጽፈው የመጨረሻዋ መንጋጋ ጥርሱ ድድ ውስጥ ተጋድማ ለቀረችበት፣ «በቀዶ ጥገና ትውጣ» ተብሎ ቀጠሮ ለያዘና ለፈራ ሰው ነው። ስለ መርፌውና ስለ መሰርሰሪያው የሚነግራችሁ ሞልቷል። በዚያ ሰሞን ያላችሁበት ስሜት ሕመሙን ምን ያህል እንደሚያከብደው የሚነግራችሁ ግን አታገኙም። እኔን ያሰቃየኝ ደግሞ እሱ ነው።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ክሊኒክ ካርድ አወጣሁ፣ ራጅ ተነሳሁ፣ የስምምነት ወረቀት ፈረምኩ። ማደንዘዣ ተወጋሁና ግማሽ ከንፈሬና ምላሴ ደነዘዘ። ድዱ ተከፈተ፣ ጥርሷ ተቆራርጣ ወጣች፣ ተሰፋሁ። የመገፋትና የድምፅ ነገር እንጂ ሕመም አልነበረውም። የሠራልኝ ዶክተር እጁ ጎበዝ ነው፤ ይህን አልክድም።

ነገሩ የተበላሸው ጓንቱን ሲያወልቅ ነው። «ምንም አይልሽም እህቴ። ሲያምሽ መድኃኒቱን ትውጫለሽ» አለኝና ቀጣዩን ሰው ጠራ። በቃ። ጎዝ ነክሼ፣ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ወጣሁ።

ያኔ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበርኩ መናገር አለብኝ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ያደግኩበት ሰፈርም አብሮ ፈርሷል። ጎረቤቶቻችን በየኮንዶሚኒየሙ ተበታተኑ፤ እናቴ እህቴ ጋ፣ ከተማ ዳር ገባች። እኔ ለሥራዬ ስል አራት ኪሎ አንድ ክፍል ተከራይቼ ቀረሁ። ድሮ ቢሆን ገና በሩን ሳልፍ አጥሚት የሚያፈላልኝ ሰው አላጣም ነበር። በዚያ ላይ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነገር ገብቶ እንቅልፍ አጥቼ ነው የሰነበትኩት። ክሊኒኩ ስለ ደም ግፊት ጠይቆኛል፣ ስለ ስኳር ጠይቆኛል፣ መድኃኒት ይቆጣሽ እንደሆነ ብሎኛል። ትተኛለሽ ወይ? ከማን ጋር ነው የምትኖሪው? ምን ያህል ፈርተሻል? ይህን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ለዚህ ተብሎ የተሠራ መጠይቅ እኮ አለ። ኖርማን ኮራህ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1969 የጥርስ ሕክምና ፍርሃትን የሚለካ አራት ጥያቄ ብቻ ያለው መጠይቅ አውጥቷል። የመጀመሪያው «ነገ ጥርስ ሐኪም ጋ መሄድ ቢኖርብህ ምን ይሰማሃል?» ዓይነት ነው። ካርድ ክፍል ቁጭ ብሎ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ምን ይከብዳል?

«ሲያምሽ» ስለተባልኩ እስኪያመኝ ጠበቅኩ። ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ በአንድ ጊዜ መጣ፤ ኪኒኑ ደግሞ ሥራ እስኪጀምር ጊዜ ይፈልጋል። ያን በጥርሴ ነክሼ እንኳ ማሳለፍ አልቻልኩም፤ መንጋጋዬ ነው የታመመው። እንደምንም ነጋ።

የባሰው የማግስቱ ሌሊት ነው። ጉንጬ አብጦ አፌ በደንብ አልከፈት አለ። አመሻሽ ላይ አንዲት የማውቃት ሴት «ልጠይቅሽ ብዬ ነው» ብላ ደወለች። እግዜር ይማርሽ ካለች በኋላ የአክስቷን ልጅ ታሪክ ጀመረች። ጥርስ አስነቅሎ፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶ፣ ስንት ወር ሆስፒታል ተኝቶ። ለክፋት አይደለም፤ እኛ አገር ሕመምተኛ የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ስልኩ እንደተዘጋ ግን ሕመሙ ጆሮዬ ድረስ ወጣ። በየደቂቃው በመስታወት ጉንጬን አያለሁ፣ በምላሴ ስፌቱን እነካለሁ። ጥርሴን ሳላውቀው ግጥም አድርጌ እነክሳለሁ፣ መንጋጋዬ ይበልጥ ይጠዘጥዛል። ሆድ ብሶኝ አለቀስኩ፣ ሳለቅስ ደግሞ ባሰብኝ። የክሊኒኩን ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ። የሚያነሳ የለም።

ጠዋት በሩ ሲከፈት እዚያ ነበርኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ሁሉንም ያመዋል እኮ፤ አካበድሽው» አለችኝ። ዶክተሩ ገና አልገባም፣ ከሰዓት ነይ። ይህን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም። ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ለተሰቃየ ሰው «አካበድሽ» ማለት ሕመሙ ላይ ሕመም መጨመር ነው።

ተናድጄ ሌላ ቦታ ሄድኩ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት ዶክተር አዩኝ። ቀስ ብለው አፌን ከፍተው፣ በመብራት አይተው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ደሙ በቦታው ረግቷል። ኢንፌክሽን የለሽም። እብጠት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው የሚበረታው። ከዚያ በኋላ እየወረደ ይሄዳል። የፈራሽው ነገር አለ?» የአክስቷን ልጅ ታሪክ ነገርኳቸው። ሳይስቁብኝ ሰሙኝ። የኔ ለምን እንደዚያ እንዳልሆነ አንድ በአንድ አስረዱኝ። አዲስ መድኃኒት አላዘዙልኝም። ደረጃውን ስወርድ ግን ሕመሙ በግማሽ ቀሎኝ ነበር።

ታዲያ ውሸቴን ነበር ያመመኝ? አይደለም። ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1978 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተመራማሪዎች ልክ እንደኔ መንጋጋ ጥርስ ላስነቀሉ ሰዎች መድኃኒትነት የሌለው ነገር ሰጡ። ማስታገሻ የወሰዱ መስሏቸው የተወሰኑት ሕመሙ ቀለላቸው። ከዚያ ናሎክሶን ሲሰጣቸው ሕመሙ ተመለሰ። ናሎክሶን የሞርፊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ያን እፎይታ ያመጣው ሰውነት ራሱ የሚሠራው ሞርፊን መሰል ማስታገሻ ነው አሉ። ተስፋና መረጋጋት ሰውነት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ አለ ማለት ነው። ፍርሃትና እንቅልፍ ማጣት ደግሞ በተቃራኒው ሕመሙን ያጎሉታል።

ይበልጥ ያበሸቀኝ አሜሪካ፣ ቦስተን ከተማ የተሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ ጥናት ነው። የሆድ ቀዶ ጥገና ለሚደረግላቸው ሰዎች ከቀዶ ጥገናው በፊት ምን ዓይነት ሕመም እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚመጣና ምን ማድረግ እንደሚችሉ ተነገራቸው። የፈለጉት ማስታገሻ ካልተነገራቸው ሰዎች በግማሽ ያህል አነሰ። በ1964! እኔ ደግሞ ከስንት ዘመን በኋላ «ምንም አይልሽም» ተብዬ ተሸኘሁ።

በሌላው በኩል ያለችው ጥርሴ ስትወጣ ሁሉንም በራሴ መንገድ አደረግኩት። ወንበሩ ላይ ከመተኛቴ በፊት ሐኪሙን «እፈራለሁ፣ እንቅልፍም የለኝም» አልኩት። መናገር አያሳፍርም። የትኛው ቀን ምን እንደሚሰማኝ ጠይቄ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ማስታገሻ ማደንዘዣው ሳይለቅ ወሰድኩ። ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ቀናት አመመኝ አላመመኝ ሳልል በሰዓቱ ዋጥኩ። «ሲያምሽ ዋጪ» የሚለውን ምክር አልቀበለውም፤ ከመጣ በኋላ ሕመምን ማባረር ከባድ ነው። አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል አብረው ሲወሰዱ ለጥርስ ከእያንዳንዳቸው ለብቻ የተሻለ ይሠራሉ። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ግን አይቡፕሮፌንን ሐኪም ሳትጠይቁ እንዳትነኩ። ፓራሲታሞልም በቀን ከ4 ግራም አይለፍ።

«ቤትሽ ዕረፊ» የሚሉትንም እንዳለ አትውሰዱት። ብቻዬን አላረፍኩም፤ እህቴ ጋ ሄድኩ። እናቴ አጥሚቱን አቀዝቅዛ እየሰጠችኝ ስለ ሰው ሠርግ ታወራኛለች። ጠያቂ ደግሞ አስመረጥኩ። አስፈሪ ታሪክ ያለው ሰው ጉንጬ ሲጎድል ይምጣ ብዬ ለእህቴ ነገርኳት፣ ስልኬንም እሷ ያዘችው። ጉንጬ እንደ መጀመሪያው አበጠ፣ አመመኝም። ግን ሌሊት ተኛሁ።

ሁሉንም ነገር ግን በስሜት አታሳብቡ። ከጥርሱ መነቀል በኋላ ሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ላይ ሕመሙ መቀነስ ሲገባው ከበረታ፣ ወደ ጆሮ ከወጣና አፋችሁ ከሸተተ የረጋው ደም ተነስቶ አጥንቱ ተጋልጦ ይሆናል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ይበዛል። ሐኪም አጥቦ መድኃኒት ያደርግበታል። ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ደሙ አልቆም ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። «አካበድሽው» የሚል ካጋጠማችሁም አትከራከሩ፤ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።